ሆድ ይፍጀው በእንግሊዝኛ

የእንግሊዝኛ መምህር ፈቃድ ያለው ወሬ ጠያቂ ነው። ሌላ ሰው ቢጠይቀው ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ነገር፣ እሱ ጠመኔ ይዞ በክፍል ሙሉ ሰው ፊት ይጠይቃል። ዕድሜሽ ስንት ነው? አባትህ ምን ይሠራል? እናትሽ ከማን ጋር ነው የምትኖረው? አግብተሻል? ይባስ ብሎ በአጭሩ ሲመለስለት ደስ አይለውም፤ «ሙሉ ዓረፍተ ነገር!» ብሎ ያስደግማል።

በዋግ ምድር እንግዳ ከደጃፍ ሲደርስ ወግ አለው። መጀመሪያ ስለ ዝናሙ፣ ቀጥሎ ስለ ከብቱ፣ ከዚያ ስለ አዝመራው ይጠያየቃሉ። ወደ ልጆች ጉዳይ የሚገባው ጠላው ሁለት ሦስቴ ከተቀዳ በኋላ ነው። ልጅቷ ታግባ አታግባ ብሎ የሚጠይቅማ ነገር ይዞ የመጣ፣ አማላጅ ሆኖ የተላከ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ግን ይህን ሁሉ ዘሎ ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ከነጫማው እልፍኝ ይገባል።

በዋግ ባለችው ፃግብጂ ወረዳ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይገርመኝ የነበረው ይህ ነው። ልጁ ቤቱ ኽምጣኛ ይናገራል፤ ገበያ ወጥቶ ፍየል ሲያሻሽጥ አማርኛ ይቀላቅላል፤ ክፍል ሲገባ ሦስተኛው ቋንቋ ሰሌዳው ላይ ይጠብቀዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ወሰነ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእሱ ሆነ። ስለዚህ ይህ ልጅ በሰው ፊት ቆሞ ስለ ራሱ እንዲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታዘዘው ገና አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ብዙ ተወቀሰ፤ አንድ ጥቅሙን ግን ያነሣለት የለም። የፕላዝማው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ከዚያ ማንም ምንም ሳይለው «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። በፕላዝማ የማንም ገመና ወጥቶ አያውቅም። ሥጋ ለባሹ መምህር ግን መልስ ይጠብቃል፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

«ዋት ዲድ ዩ ሃቭ ፎር ብሬክፋስት?» ኃላፊ ጊዜን ለማለማመድ ከዚህ የቀለለ ጥያቄ የለም። የመጽሐፉ ልጅ እንቁላል፣ ዳቦና የብርቱካን ጭማቂ ይደረድራል። የዞናችን ከተማ ግን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተሰየመባት ሰቆጣ ናት፤ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. አጠፋለሁ ብሎ ቃል የገባው በስሟ ነው። ዝናም በቀረበት ዓመት ይህን ጥያቄ ክፍሉ ውስጥ ብታዞሩት ሁሉም እንቁላል በልቷል። የፊተኛው እንቁላል ካለ የኋለኛውም እንቁላል ይላል፤ ዶሮው ሁሉ ባለቀበት መንደር የሁሉም ቁርስ እንቁላል ነው። ሰዋስዉ አንድም እንከን የለበትም። ውሸቱንም ነውር ነው ለማለት አፌ አልደፈረም፤ የሸፈነው የቤት ገመና ነዋ።

እንግሊዝኛን ለዓለም የሚሸጡ አሳታሚዎች መጽሐፍ አዘጋጆቻቸውን «እነዚህን አትንኩ» የሚሏቸው ሰባት ነገሮች አሉ፦ ፖለቲካ፣ መጠጥ፣ ሃይማኖት፣ ወሲብ፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ «ኢዝም» የሚባለው አስተሳሰብ ሁሉ፣ የአሳማ ሥጋ። የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደሎቻቸው ሲገጣጠሙ «ፓርስኒፕ» ይሆናሉ፤ ነጭ ካሮት የሚመስል የፈረንጅ ሥራ ሥር ነው። አሳማውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በስምምነት የተውነው ስለሆነ አንጣላም። ሃይማኖትና ጠላ ከወጡ ግን በዋግ ስለ ምን ሊወራ ነው? ለዚህ ነው የመጽሐፉ ሰዎች ታቦት የማያነግሡት፣ ማኅበር የማይጠጡት፣ ከአማት የማይጣሉት። ዘወትር ወይ አውሮፕላን ማረፊያ ናቸው ወይ ሱቅ ገብተው ዋጋ ይጠይቃሉ።

ወሲብ ግን ወጣ ይባላል እንጂ አልወጣም። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን ቆልፎ «ቤተሰብ» በሚል ርዕስ ተመልሶ ገብቷል። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ወጥ እንደሚሠራ፣ ማን ቢሮ እንደሚገባ፣ ማን ማንን እንደሚያገባ የሚያስተምረው ያ ምዕራፍ ነው። አባት፣ እናት፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ አንድ ውሻ። ባሏ የሞተባት የለችም፤ ያገባች ተማሪ የለችም፤ አያቱ ዘንድ ያደገ ልጅ የለም። ጆን ግሬይ የተባለ ተመራማሪ በ2013 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍትን አገላብጦ፣ ተመሳሳይ ፆታን የሚያፈቅሩ ሰዎች ከነጭራሹ እንደማይታዩባቸው ጽፏል። እኛ ደግሞ ብናገላብጣቸው ከክፍላችን እኩሌታው እንደማይታይባቸው እናገኝ ነበር።

እንግሊዝኛ ውለታም አለው፤ ዘመድ የለውም። በእናት ቋንቋ ሲነገር አያትና ቄሰ ገበዙ ከጀርባ ቆመው የሚሰሙት የሚመስለው ቃል፣ በእንግሊዝኛ ሲሆን የማንንም ጆሮ አያቀላም። የፀረ ኤድስ ክበቦች በየትምህርት ቤቱ በነበሩበት ዘመን «ሴክስ» እና «ኮንዶም» በድምፅ ማጉያ ይጠሩ ነበር፤ የአማርኛውን ስም በዚያ ድምፅ ማጉያ ሳያፍር የሚጠራ መምህር ግን ብርቅ ነበር።

አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ቀን ከደብተሯ ጥግ የተቀደደች ብጣሽ ወረቀት አጣጥፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ስከፍታት «ቲቸር አይ ሃቭ ፔሬድ ፕሊስ ሆም» ትላለች። መስተዋድድ የለ፣ ነጥብ የለ፣ «ሆም» ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳ ደርሷል። እስከዚያ ቀን ሴቶቹ ሁሉ «ሆዴን ቆረጠኝ» እያሉ ነበር የሚወጡት፤ ወንዶቹም ለሴት ሆድ ምን ዓይነት ምግብ እንደማይስማማው ሲከራከሩ ሰምቻቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ሞዴስ አልነበረውም፤ ውኃም በጄሪካን ነው የሚመጣው። አንገቴን ነቀነቅኩላት፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ወጣች። ዓመቱን ሙሉ ካረምኩት ጽሑፍ ሁሉ፣ ለሆነ ሰው የሆነ ነገር ለመንገር የተጻፈው እሱ ነበር።

አሁን ወደ «አር ዩ ሜሪድ?» እንምጣ። ለንደን ውስጥ የማታ ትምህርት ለሚማሩ ጎልማሶች ይህ ጨዋታ መጀመሪያ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውን ይቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት እስራት ነው። ይህ ሁሉ ተጽፎ በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ኢትዮጵያውያት እኩሌታው ገና 17 ዓመት ከጥቂት ሳሉ እንዳገቡ፣ በዚያው ዕድሜ ያሉ ወንዶች ግን አጋማሹ ከ23 ዓመት በላይ እንደቆዩ አሳይቷል።

እናም ጥያቄው በሴቶቹ ረድፍ ይወርዳል። «ኖ፣ አይ አም ኖት።» «ኖ፣ አይ አም ኖት።» «ኖ፣ አይ አም ኖት።» ደህና ዜማ ይዞ ሲወርድ ቆይቶ አንዷ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ልጅቷ ዴስኩን ታያለች። ክፍሉ ሁሉ የሚያውቀውን የማያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ያን ጊዜ አብራት የምትቀመጠው ብድግ አለችና፣ ክርኗ የጓደኛዋን ክርን እንደነካ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ «ሺ ኢዝ ኖት ሂር፣ ቲቸር» አለች።

እሷ እዚህ የለችም። ማንም አልሳቀም። ጥያቄውን ወደ ወንዶቹ አዛወርኩት።

ነገሩ የኀፍረት ብቻ አይደለም። መምህርና የሴቶች ክበብ ያለዕድሜ ጋብቻ ሲሰሙ ለቀበሌና ለሴቶች ጉዳይ የሚያሳውቁበት አሠራር አለ፤ በዚህ ሰበብ የፈረሰ ሠርግ አለ፣ ከትምህርት ሳትወጣ የቀረች ልጅም አለች። ደግ ሥራ ነው። ግን የመረጃው በር የሰዋስው ልምምድ ሲሆን «የስ፣ አይ አም» ያለች ልጅ አባቷን በእንግሊዝኛ ከሰሰች ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ከእኛ ቀድመው ገብቷቸዋል። ልናግዛት ከፈለግን ለብቻዋ፣ በቋንቋዋ፣ ከሴት መምህርት ጋር የምትቀመጥበት ቦታ እንፈልግላት እንጂ፣ ረዳት ግስ ስናስተምር አናጥምዳት።

ይህን ስል የዋግ ሰው ስለ ፍቅር አይናገርም ማለቴ እንዳይመስል። ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲገባ በፃግብጂ ቀበሌዎች ያለፈ ያውቃል። ልጃገረዶቹ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ለምለሙን የሻደይ ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮ እየመቱ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ክፍል ውስጥ ስሟን ስትጠየቅ ድምፅዋ የማይሰማው ልጅ እዚያ አውራጅ ናት። ጎረምሳውን ታሞግሳለች፣ ስስታሙን ትወርፋለች፣ ስለ መውደድም ስለ ናፍቆትም ታዜማለች፤ አባቷ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል፣ አይቆጣም። ለምን ቢባል «እኔ» አላለችማ። አዝማቹን የሚቀበለው የጓደኞቿ ሁሉ አፍ ስለሆነ የማን ልብ እንደተናገረ የሚያጣራ ዳኛ የለም። በጥምቀት ሎሚ የሚወረውረውም ያው ነው፤ ሎሚው መታት እንጂ እሱ ምን አለ?

እኛ በዲግሪ የተማርን መምህራን ይህን ጥበብ ረግጠን አልፈን፣ ብቻዋን አስቁመን «አንቺ ማነሽ?» እንላለን።

ወንዶቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አሁን የሚደረግን ድርጊት ላስረዳ ብዬ ሰሌዳው ላይ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኩኪንግ» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከኋላ «ሚስቱ ሞታ ነው?» አለ። ሌላው «ሴታሴት ነው እንጂ» ብሎ ጨረሰው።

ከሳቁት መካከል ግን አብዛኞቹ ከሩቅ ቀበሌ መጥተው፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ለአራት ለአምስት አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ወርደው እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፤ የማሽላ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ጨው። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አብሳዮቹ እነሱ ናቸው። አንዱን ማታ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሦስት ድንጋይ ላይ ድስት ጥዶ፣ በቀኝ እጁ ሽሮ ያማስላል፣ በግራው የባዮሎጂ ደብተር ይዟል፤ ሽሮው ሲፈናጠቅ ደብተሩን ወደ ኋላ ያሸሻል እንጂ እጁን አያሸሽም። አውራ ጣቱ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። ጠባሳውን ያየሁት ክፍል ውስጥ «ሴታሴት» ብሎ ባልጮኸው ልጅ እጅ ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ፤ የጮኸውም እዚያው ከጎኑ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ወንድነት የምናውቀውና ኪራይ ቤት ውስጥ የምንኖረው እንደዚህ ተለያይተው ነው የሚያድሩት።

«ሴታሴት» እና «ወንዳወንድ» የጥንት ስድቦች ናቸው። ስልክ ሲመጣ አዲስ ተጨመረ። አንድ ጠዋት አንድ ቀልጣፋ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ጌይ ማለት ምንድን ነው?» አለ። የፈረንጅ ቃል ሁሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውም፣ የዱቄት ማዳበሪያ ላይ ያለውም የሚመጣው ወደ እንግሊዝኛ መምህር ስለሆነ፣ ይህም መምጣቱ አይቀርም ነበር። ጊዜውም ደርሶ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ፣ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ጉዞ የሚያዘጋጅ የቺካጎ ድርጅት ጎረቤታችንን ላሊበላን ጨምሮ ኢትዮጵያን አስጎበኛለሁ ማለቱ ተሰምቶ፣ የሃይማኖት ማኅበራት ተቃውመው፣ ሬዲዮኑም ስልኩም ስለዚህ ያወራ ነበር።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጁ አውቆ እንደጠየቀ ገብቶኛል፤ ዓይኑ እኔን ሳይሆን ከፊት የተቀመጠ አንድ ድምፀ ቀጭን ልጅ ያይ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ትርጉሙን ነገርኳቸው። በአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱ በእስራት እንደሚያስቀጣ፣ ሕጋቸው የተለየ አገሮች እንዳሉም ተናገርኩ። ሃይማኖታቸው የሚለውን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ከዚያ «ይህ ቃል በዚህ ክፍል የማንም ስም አይደለም፤ በእሱ ሰው የጠራ ከእኔ ጋር ነው ጉዳዩ» ብዬ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ሰው ስለ ነገሩ የፈለገውን ይመን፤ ክፍል ውስጥ የሚመጣው ግን በክርክር መልክ አይደለም፤ አንድ ልጅ ላይ በሚወረወር ስም መልክ ነው። መምህሩም መጀመሪያ ማየት ያለበት ቃሉን ሳይሆን ያረፈበትን ልጅ ነው።

አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ የማታ እንግሊዝኛ ስትማር የገጠማት ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። መምህሯ ወንድ ነው፤ ስለ ቅዳሜና እሑዱ ሲያወራ «ማይ ሃዝባንድ» አለ። እሷ አፍ የዳጠው መስሏት፣ የአስተማሪ ስሕተት በሰው ፊት ማረም ነውር ነው ብላ እስከ ዕረፍት ጠበቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጠጋ ብላ «ዋይፍ» ብላ አረመችው። ሰውዬው ሳቀ፣ አስረዳት፤ እሷ አቀረቀረች። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቷን ቁጭ ብሎ የሞላላት ግን እሱ ነው። «ደግ ሰው ነው» ትለኛለች በስልክ፤ «ሌላውን እግዜር ያውቃል።» በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንቱ ኢትዮጵያዊ ባሕር ማዶ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም እንደሚኖር!

ባሕር ማዶ ተመሳሳይ ፆታን ማፍቀር በእንግሊዝኛ ክፍል እንዴት ይነሣ የሚለው የሙያ ክርክር ከሆነ ቆይቷል። ሲንቲያ ኔልሰን የተባሉ ምሁር በ1993 እ.ኤ.አ. «ቴሶል ኳርተርሊ» በተባለው የመምህራን መጽሔት አንሥተውት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ሙሉ መጽሐፍ አውጥተውበታል። ከሐሳባቸው የወደድኩት፣ መምህሩ መልስ አዳይ ሳይሆን ጠያቂ ይሁን የሚለው ነው፤ ሰው ማንነቱን በቋንቋ እንዴት እንደሚገልጥና እንዴት እንደሚሸሽግ ተማሪዎች ራሳቸው ይመርምሩ ይላሉ። ጽሑፉ ስለ ፃግብጂ አያውቅም። መሸሸግ የቋንቋ ችሎታ መሆኑን ግን «ሺ ኢዝ ኖት ሂር» ያለችው ልጅ ሳታነበው ታውቀዋለች።

እኔም ከሻደይ ተማርኩና «ስለ ራስህ ተናገር» የሚለውን ልምምድ ለወጥኩት። በየወረቀቱ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና አገር ጽፌ በባርኔጣ ሳዞር ተማሪዎቹ አንዳንድ ያወጣሉ፤ የቀረውን ራሳቸው ይፈጥራሉ። ስለ ራሱ መናገር የፈለገ ወረቀቱን መልሶ መናገር ይችላል። ዓይን አፋር የነበረችው ሁሉ አፏ ተፈታ።

አንድ ሱፐርቫይዘር ሊገመግመኝ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። አንዷ ተነሥታ፣ ሐኪም መሆኗን፣ ዕድሜዋ አርባ መሆኑን፣ እንዳላገባች፣ ለጊዜውም ሐሳብ እንደሌላት፣ ሾፌር እንዳላት ተናገረች። ሽሮ አማሳዩ ባሕር ዳር ትልቅ ሆቴል ውስጥ ዋና ምግብ አብሳይ ሆነ፤ ሚስቱ አውሮፕላን ታበራለች። የሳቀበት የለም፤ ደመወዙን ነው የጠየቁት።

ሱፐርቫይዘሩ ደወል ሲደወል ጠራኝ። «መጽሐፉ ስለ ራሳቸው ይናገሩ ነው የሚለው። እነዚህ ይዋሻሉ።»

«ይዋሻሉ፣ ጋሼ» አልኩት። «የራሳቸውን ሲፈልጉ ይናገሩታል። ያን ዕለት ቃል እንዳያጥራቸው ነው የማስተምራቸው።»

ቅጹን አየ፣ እኔን አየ፣ አንድ ነገር ሞላ። በሩ ላይ ሲደርስ ከዚያች ልጅ ጋር ተገጣጠመ። ባርኔጣውን ከፍ አደረገና «ደህና ይዋሉ፣ ዶክተር» ብሏት ወጣ።